የቢሮ እድሳት ከወንበር ግዢ አይጀመርም

ለድርጅት አስተዳዳሪዎች፣ ለአርክቴክቶችና ለፊኒሺንግ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድርጅት ቢሮውን ሊያድስ ሲነሳ ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የፈርኒቸር ካታሎግ ይመጣል፤ ጠረጴዛና ወንበር ይመረጣል። ከዚያ የቀለም ክርክር ይነሳል። ኮርኒሱ በጂፕሰም ይሠራል፣ ዙሪያውን መብራት ይቀበርበታል። ለኃላፊዎች በመስኮቱ ዳር የመስታወት ክፍል ይከለላል። ርክክብ ተፈጽሞ ሪባን ይቆረጣል። በሦስተኛው ሳምንት በምዕራብ በኩል የተቀመጡት ሠራተኞች መስታወቱ ላይ ካርቶን ይለጥፋሉ፤ መሐል የገቡት በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ይውላሉ፤ አዲሱ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ሁሉ ያዛጋል።

እዚህ ውስጥ የባለሙያ ስንፍና ያለበት አይመስለንም። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነው። መቅደም ያለበት ፀሐይ ነው፤ ከዚያ አየር፣ ከዚያ ድምፅ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ። ዕቃ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ወንበር ካልተስማማ በሚቀጥለው ዓመት ይቀየራል፤ ያለ ቦታው የቆመን ግድግዳና በኮርኒስ የተዘጋን ሽቦ ለመቀየር ግን ቢሮውን ደግሞ ማፍረስ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ወለል በሐሳባችን እንያዝ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 15 ሜትር፣ በድምሩ 300 ካሬ ሜትር። 35 ሠራተኞች አሉት። ረጃጅሞቹ ጎኖች አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ያያሉ፤ ሁለቱም መስታወት ናቸው። ደረጃው፣ ሊፍቱና መጸዳጃ ቤቱ በሰሜኑ አጭር ጎን ተሰብስበዋል። ከወለል እስከ ስላብ፣ ማለትም እስከ ላይኛው የኮንክሪት ጣሪያ፣ 3 ሜትር ነው። ሕንፃው ኪራይ ነው። ቦሌ ሂዱ፣ መገናኛ ሂዱ፣ ካዛንቺስ ሂዱ፣ ይህን የሚመስል ወለል አታጡም።

ከመንካት በፊት መለካት

ሁለት ሳምንት ለመለካት ስጡ። የሚያስፈልገው ቴርሞሜትር፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ፣ የብርሃን መለኪያና ደብተር ነው። የስልክ የብርሃን መለኪያ ግምት ይሰጣል እንጂ አይታመንም፤ ብዙ ይሳሳታል። በአምስት ቦታ፣ ማለትም በሁለቱም መስታወት አጠገብ፣ መሐል ላይ ሁለት ቦታና ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ይለካ። ጎን ለጎን አንድ ሰው በየሰዓቱ ዞሮ የትኛው ወንበር ላይ ሰው እንዳለ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደገባ ይቁጠር። ለ12 ሰው የተሠራው የስብሰባ ክፍል አብዛኛውን ቀን ሦስት ሰው ይዞ ሲውል ትደርሱበታላችሁ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ደረጃ ላይ ቆመው ሥራ ይነጋገራሉ።

የጽዳት ሠራተኞቹንም ጠይቋቸው። የትኛው ሶኬት ብልጭ እንደሚል፣ በክረምት ዝናብ በየትኛው የመስታወት መገጣጠሚያ እንደሚገባ ከሕንፃው አስተዳዳሪ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ፀሐይ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያኔም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነው። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ያለን መስኮት ማስጠለል ቀላል ነው። ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ የደቡብ መስኮት የእኩለ ቀኗን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እንዲከለል 95 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ጥላ ይበቃዋል፤ የሰሜኑን 40 ሴንቲ ሜትር ይጨርሰዋል። አዲስ ሕንፃ የምትነድፉ ይህን ያዙት፤ ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር ከሁሉ የሚረክስ ማቀዝቀዣ ነው።

የእኛ ወለል ግን ዞሮበታል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ በምዕራቡ መስታወት ፊት ለፊት ትገባለች፤ ከላይ የሚንጠለጠል ጥላ እንደዚህ ዝቅ ያለችን ፀሐይ አያግዳትም። መስታወቱ 20 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ቁመት ካለው 40 ካሬ ሜትር ነው። ሰማይ በጠራበት የበጋ ቀን በአንድ ነጠላ ተራ መስታወት ካሬ ሜትር 500 ዋት ገደማ ሙቀት ይገባል። በድምሩ 20 ኪሎ ዋት ማለት ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል፤ እንግዲህ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ አምስት ምጣድ አሰልፋችሁ፣ ለኩሳችሁ፣ ሰውን አጠገቡ «ቁጭ ብለህ ሥራ» እንዳላችሁ ቁጠሩት። የውጪው አየር 24 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ሰው በቢሮው ውስጥ የሚያልበው ለዚህ ነው። የከተማችን አየር ለቢሮ ሥራ ተስማሚ ነው፤ ሙቀቱን የምናመጣው ራሳችን ነን።

መፍትሔው ደረጃ አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ፀሐይን ከመስታወቱ ውጪ ማስቀረት ነው፤ የቆሙ የአልሙኒየም ክንፎች ወይም ከመስታወቱ ራቅ ብሎ የተሰቀለ ወንፊት። ኪራይ ሕንፃ ላይ አከራዩ አይፈቅድ ይሆናል። ሁለተኛው አንጸባራቂ ፊልም ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ ቀለም ያለው መስታወት ራሱ ሙቀት ይመጥጣል፤ ከውስጥ በኩል ጥቁር ፊልም ሲለጠፍበት መሐሉ ይግላል፣ በፍሬሙ ውስጥ የተቀበረው ጠርዙ ቀዝቃዛ ይሆናል፣ መስታወቱ ከጠርዙ ይሰነጠቃል። ፊልም ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ለመስታወቱ ዓይነት የሚስማማ መሆኑን በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ መጀመሪያ ሁለት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ አንድ ወር ጠብቁ። ሦስተኛው መጋረጃ ነው። ጥቁር መጋረጃ ሙቀቱን ከያዘ በኋላ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ወደ መስታወቱ የሚዞረው ፊቱ ነጭ የሆነውን ምረጡ።

አራተኛው መንገድ የቦታ አደላደል ነው፤ ብር አይጠይቅም፣ እኛ ከሁሉ በላይ የምንወደውም እሱን ነው። ከምዕራቡ መስታወት 2.5 ሜትር ስፋት ያለውን ንጣፍ ማንም ቀኑን ሙሉ የማይቀመጥበት አድርጉት፦ መተላለፊያ፣ የፋይል መደርደሪያ፣ ለአጭር ወሬ የሚሆን ሶፋ፣ ማተሚያ ማሽን። ጠረጴዛዎቹ ከዚያ ወዲህ ይጀምራሉ።

የኃላፊዎቹ ክፍሎች ደግሞ ከመስኮቱ ዳር ይነሱና ወደ ሰሜኑ ጎን፣ ከሊፍቱ አጠገብ ይሂዱ። ይህ በየእድሳቱ የሚያስኮርፍ ጥያቄ ነው፤ መስኮት ማዕረግ ሆኗልና። ሆኖም ኃላፊው የቀኑን ግማሽ ስብሰባ ላይ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ስምንት ሰዓት ከወንበሯ አትነሳም። ብርሃኑ የሚገባው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

አየር

ክፍሎቹን ከመስኮት ዳር የማንሳቱ ሌላው ጥቅም እዚህ ይታያል። በአንድ በኩል ብቻ መስኮት ያለው ክፍል አየር የሚያገኘው ከኮርኒሱ ከፍታ ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ በሚበልጥ ጥልቀት ድረስ ነው፤ ኮርኒሱ 3 ሜትር ከሆነ 6 ወይም 7 ሜትር። ከሁለት ወገን ሲከፈት ግን እስከ አምስት እጥፍ፣ ማለትም 15 ሜትር ይዘልቃል። የእኛ ወለል ስፋቱ ልክ 15 ሜትር ነው፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ገብቶ በምዕራብ ሊወጣ ይችላል፣ መሐል ላይ እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ግድግዳ ካላቆምንበት። የሚከፈተው የመስኮት ስፋት ከወለሉ ስፋት 5 በመቶ ይሁን ይባላል፤ ለ300 ካሬ ሜትር 15 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ዛሬ የሚሠሩት የመስታወት ሕንፃዎች ግን እዚህም እዚያም 60 በ60 የሆነች፣ አንድ ስንዝር ብቻ የምትከፈት መስኮት ነው ያላቸው። ከአከራዩ ጋር ስትዋዋሉ ስለ መኪና ማቆሚያ ከምትከራከሩት እኩል ስለ መስኮት ተከራከሩ።

አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፕሊት ኤሲ ንጹሕ አየር አያስገባም። ያንኑ የክፍሉን አየር እየመላለሰ ያቀዘቅዛል። ኤሲ ገብቶ መስኮት የተዘጋበት ቢሮ የቀዘቀዘ፣ ግን የታፈነ ቢሮ ነው።

የስብሰባ ክፍሉን እናስላው። 4 ሜትር በ5 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር፤ 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ቁጭ ያለ አንድ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ ስምንት ሰው 144 ሊትር። በር ዘግተው ከተቀመጡ መጠኑ በየደቂቃው 40 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 40 እጅ) ያህል ይጨምራል። የውጪው አየር 420 ፒፒኤም ገደማ ስለሆነ፣ አየሩ ታፈነ ወደሚባልበት 1,000 ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ከሰው የሚወጣው ጋዝ ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ እዚህ የሚሞላው ከስሌቱም ፈጥኖ ነው። ማዛጋቱ በተናጋሪው ብቻ እንዳይሳበብ።

መድኃኒቱ ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ነው፤ ለስምንት ሰው በሰዓት 290 ሜትር ኩብ ገደማ። መርካቶ የሚሸጠው ባለ 10 ሴንቲ ሜትር የመታጠቢያ ቤት ፋን በሰዓት ወደ 100 ሜትር ኩብ ብቻ ነው የሚገፋው፣ ያውም ቧንቧው አጭርና ቀጥ ያለ ከሆነ። እሱን ገጥሞ «አየር ማስወጫ ተሠርቷል» ማለት ራስን ማታለል ነው። የሚወጣው አየር ደግሞ ምትክ መግቢያ ይፈልጋል፤ መግቢያ ከሌለው ፋኑ ይጮኻል እንጂ አይስብም። አየር የሚገባው ከኋላ በኩል ወይም ከላይ ይሁን፤ መንገድ ዳር ላይ የናፍጣ ጭስ፣ ጓሮ ላይ የጄኔሬተር ጭስ አለና ቦታውን ዓይታችሁ ምረጡ።

ሌሊቱን መጠቀምም ይቻላል። የከተማዋ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ከፍ ያሉ መስኮቶች ወንፊትና የዝናብ መከላከያ ተሠርቶላቸው ሌሊት ክፍት ቢያድሩ ስላቡ ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱ ከሰዓት ሙቀቱን ይቀበላል። ይህ የሚሠራው ስላቡ በጂፕሰም ኮርኒስ ካልተሸፈነ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አትጨምሩበት፤ ጠዋት ቢሮው በረዶ ይሆንና ሰው ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር ማሞቂያ ይሰካል። እሱ የሚያመጣውን ጣጣ ኤሌክትሪክ ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

ተክልስ ለምትሉ፤ ለዓይን ያምራል፣ አስቀምጡ። አየር ያጸዳል የሚባለው በናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ከተሠራ፣ ግጥም ባለ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከተደረገ ሙከራ የመጣ ነው። መስኮት ከሚያስገባው አየር እኩል ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ቢያንስ አሥር ተክል እንደሚያስፈልግ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ስሌት አሳይቷል። ቢሮ ሳይሆን ጫካ ነው።

ድምፅ

ሠራተኛ ስለ ቢሮው የሚያማርረው አብዛኛው ነገር ሲጠና ድምፅ ላይ ይወድቃል፤ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው። የእኛ ቢሮዎች የሚሠሩበት ቁስ ሁሉ ድምፅ መላሽ ነው፦ የፖርሰሊን ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ መስታወት፣ ጂፕሰም። ያንኑ የስብሰባ ክፍል እንውሰድ። ሁሉም ገጽ ተደምሮ 94 ካሬ ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለ ቁስ ከሚደርስበት ድምፅ 5 በመቶ ያህል ብቻ ይውጣል። በታወቀው የሳቢን ቀመር ሲሰላ ድምፁ ጠፍቶ እስኪያልቅ 2 ሰከንድ ይፈጃል። አንዱ ቃል ሳይጠፋ ቀጣዩ ይደርስበታል፤ በቪዲዮ ስብሰባ የሚሳተፈው ወገን «ጉድጓድ ውስጥ ናችሁ እንዴ?» የሚለው ለዚህ ነው። 20 ካሬ ሜትሩን ኮርኒስ 70 በመቶ በሚውጥ የማዕድን ቃጫ ሰሌዳ ብትቀይሩት ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳል። የምንፈልገው 0.6 አካባቢ ነው፤ በአንድ የኮርኒስ ለውጥ ደረስን።

ስላቡን ገላልጦ መተው አሁን ፋሽን ነው፤ ለሌሊቱ ቅዝቃዜም እንደሚረዳ አይተናል። ለድምፅ ግን ጠላት ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ ከስላቡ ሥር ድምፅ የሚውጡ ሰሌዳዎችን አራርቆ ማንጠልጠል ነው፤ ከኮርኒሱ ስፋት ግማሹን ወይም ትንሽ በለጥ ያለውን ይሸፍኑ፣ በመካከላቸው አየር ይለፍ።

ሰሌዳውን እዚሁ መሥራት ይቻላል። 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም፣ ውስጡ 5 ሴንቲ ሜትር ሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሳይ ቁስ)፣ ላዩ ሳሳ ያለ የእጅ ሸማ። የጨርቁ ፈተና አፍ ነው፦ ከንፈራችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉበት፤ ትንፋሽ ካለፈ ድምፅም ያልፋል፣ ከታፈነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ስስ የጥጥ ሸማ ያልፋል፤ ጥልፍ የበዛበት አያልፍም። ጥጡ እሳት መከላከያ ይቀባ፣ ከምድጃም ይራቅ። ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ለቆ ከተሰቀለ ለወፍራም ድምፅ ይበልጥ ይረዳል። የእንቁላል ካርቶንና የፍራሽ ስፖንጅ የሚለጥፉም አሉ። ካርቶኑ ለንግግር ድምፅ እምብዛም አይረዳም፤ ስፖንጁ እሳት ሲያገኘው በደቂቃ ተቀጣጥሎ መርዛማ ጭስ ይለቃል። ሁለቱም ቢሮ አይግቡ። ቀርከሃ ያምራል፣ ድምፅ ግን አይውጥም።

ይህ ሁሉ በክፍሉ ውስጥ ስለሚያስተጋባው ነው። ከክፍል ወደ ክፍል የሚሻገረው ድምፅ ሌላ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ። ፓርቲሽኑ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ላይ ይቆማል፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም ክፍል አንድ ነው። የደመወዝ ጭቅጭቁ በዚያ ተሻግሮ ጎረቤት ይሰማል። ምስጢር የሚነገርበት ክፍል ግድግዳው ስላቡን ይንካ፦ ባለ 75 ሚሊ ሜትር ብረት፣ በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ድርብ ባለ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ፣ መሐሉ ሮክ ዉል፣ ዙሪያው በሲልከን የተደፈነ። ሁለት ክፍሎች ጀርባ ለጀርባ አንድ ቀዳዳ ላይ ሶኬት አይግጠሙ፤ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። ከበሩ ሥር ያለች የአንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይህን ሁሉ ወጪ ታበላሻለች። ለአየር መግቢያ ያስፈልገናል ካልን ደግሞ ውስጡ በሮክ ዉል የተለበጠ፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ቧንቧ ከኮርኒሱ በላይ ይሠራ፤ አየር ይታጠፋል፣ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል።

መገናኘትና መለየት

ክፍት ቢሮ ሰውን ያቀራርባል ተብሎ ነው የተሰበከው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኢታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ ክፍት ቢሮ የተዛወሩ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎችን ሠራተኞች በሚለበስ መሣሪያ ተከታትለው ነበር። የፊት ለፊት ንግግሩ በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በኢሜይልና በጽሑፍ መልእክት የሚደረገው ጨመረ። ሰው ግድግዳ ሲነሳበት ጆሮ ማዳመጫ ይሰካል፣ አንገቱን ይደፋል። ይህን ያልነው ወደ ጠባብ ክፍሎች ተመለሱ ለማለት አይደለም። ክፍት ቦታ የሚሠራው የሚሸሹበት ቦታ ሲኖረው ነው።

ለ35 ሰዎቻችን፦ አንድ ለ10 ሰው የሚሆን ስብሰባ ክፍል፣ ሁለት ለአራት ለአራት ሰው፣ ሦስት የስልክ ሣጥኖች። የስልክ ሣጥኑ 1 ሜትር በ1.2 ሜትር ይበቃዋል፤ በሩ ወደ ውጪ ይከፈት፣ መስታወት ይኑረው፣ በሰከንድ ቢያንስ 10 ሊትር የሚያወጣ ፋን ይኑረው። ያለ ፋን የተሠራ የስልክ ሣጥን በሁለት ሳምንት ውስጥ የወረቀት መጋዘን ይሆናል። ደንበኛ የሚያናግሩ ሠራተኞች ከሒሳብና ከሕግ ክፍል ይራቁ፤ በመካከላቸው መደርደሪያና ማተሚያው ይግባ።

የውጭ አገር የቢሮ ነዳፊዎች «ሠራተኞች በአጋጣሚ እንዲገናኙ ምን እናድርግ?» እያሉ ብዙ ይደክማሉ። እኛ ዘንድ ጀበና አለ። ሒሳብ ክፍሉና ሾፌሩ፣ ኃላፊውና አዲሷ ተቀጣሪ አንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በመደበኛ ስብሰባ ያልተፈታ ነገር ቶና ላይ ይፈታል። የቡናውን ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ደረጃ ሥር ወይም ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ ነው የምንጥለው። ይልቁን በምዕራቡ ንጣፍ ላይ፣ መግቢያው አጠገብ 6 ካሬ ሜትር ስጡት። ወለሉ የማያንሸራትት፣ እጅ መታጠቢያ ያለው፣ ከምድጃው በላይ ኮፍያ ያለው አየር ማስወጫ የተሠራለት ይሁን። ከሰል በዝግ ሕንፃ ውስጥ አይነድም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን። በዚያ ቦታ ላይ የሚገጠመው የእሳት ጠቋሚ ሙቀት የሚለይ ይሁን፤ ጭስ የሚለየው ዕጣን በተነሳ ቁጥር ይጮኻል፣ በመጨረሻ አንዱ ባትሪውን ነቅሎ ሕንፃው ያለ ጠባቂ ይቀራል። ምሳ የሚበላበት ክፍል በር ይኑረው፤ የሚሞቅ ወጥ ሽታ እስከ ስብሰባ ክፍሉ ይደርሳል፣ በጾም ወቅት ደግሞ ቅሬታው ይበዛል።

መጸዳጃ ቤቱን ባጭሩ፦ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሮቶው መጠን ከእድሳቱ በፊት ይሰላ፤ አንድ መጸዳጃ ሰፋ ተደርጎ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ በሩ ከ85 ሴንቲ ሜትር አይጥበብ።

መብራትና ኤሌክትሪክ

ለጠረጴዛ ሥራ የሚፈለገው ብርሃን 500 ሉክስ ነው። ይህን በ300 ካሬ ሜትር ላይ በኮርኒስ መብራት ብቻ ለማምጣት ባለ 60 በ60፣ 40 ዋት፣ 4,000 ሉመን የሆነ ኤልኢዲ ፓነል 75 ያህል ያስፈልጋል። ከላይ 300 ሉክስ አድርጋችሁ ለየጠረጴዛው 7 ዋት መብራት ብትጨምሩ ፓነሉ ወደ 45 ይወርዳል፣ ሰውም የራሱን ብርሃን ያዛል። መብራቶቹ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ በሆነ መስመር ይሰለፉ፣ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ማብሪያ ይኑረው፤ ዳር ያለው ሲጠፋ መሐሉ ይበራል። በአንድ ማብሪያ የሚበራ ወለል ቀኑን ሙሉ ሲበራ ይውላል። ገበያ ላይ የሚበዛው ሰማያዊ የሚመታው 6,500 ኬልቪን ነው፤ ለቢሮ 4,000 ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት የስልክ ካሜራ ወደ መብራቱ አቅርቡ፤ ጥቁር መስመሮች የሚሄዱ ከሆነ መብራቱ ይርገበገባል፣ ራስ ምታት ያመጣል፤ ሌላ ፈልጉ።

ለየጠረጴዛው ከዩፒኤስ የሚመጣ ሁለት ሶኬት፣ ከተራው መስመር ደግሞ አንድ ይኑር፤ የዩፒኤሱ ሶኬት በቀለም ይለይ። ያልነው ማሞቂያ 2 ኪሎ ዋት ይበላል፤ ዩፒኤስ ላይ ሲሰካ የአንድን ረድፍ ኮምፒውተር ሁሉ ያጠፋል። በቀለም ብቻ የማይገታ ሰው ካለ ተራ ሶኪ የማይገባበት ዓይነት ሶኬት ግጠሙ። የቡናው ጥግ መስመርም ለብቻው ይሁን፦ ማንቆርቆሪያ 2 ኪሎ ዋት፣ ምድጃ 2፣ ማይክሮዌቭ 1.2፣ በድምሩ 5.2 ነው፤ 16 አምፔር መስመር በ220 ቮልት የሚችለው 3.5 ብቻ ነው። ሁለት መስመር ይግባለት፣ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያም ይኑረው።

ጠረጴዛና ወንበር

አሁን ካታሎጉን ማውጣት ይቻላል። ገበያ ላይ ያለው ጠረጴዛ ቁመቱ ከ74 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቁመቷ 1.58 ለሆነ ሠራተኛ ይረዝማል። ትከሻዋን ሰቅላ ትጽፋለች፣ አመሻሹ ላይ አንገቷን ያማታል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ክርኗ ከጠረጴዛው ገጽ እኩል እስኪሆን ወንበሩን ከፍ ታድርግ፤ እግሯ ከወለሉ ከተነሳ ከሥሩ የእግር ማሳረፊያ ይግባ። 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጫፉ ያዘመመ እንጨት ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። የስክሪኑ አናት ከዓይን እኩል፣ ርቀቱ አንድ ክንድ። ላፕቶፕ ለብቻው ይህን ሊያሟላ አይችልም፤ ወይ አንገት ይደፋል ወይ እጅ ይሰቀላል፤ ማስቀመጫና የተለየ ኪቦርድ ይገዛለት። ሰው ለመስኮቱ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ፊቱን ከሰጠ ብርሃኑ ዓይኑን ይወጋዋል፣ ጀርባውን ከሰጠ ስክሪኑ ያንጸባርቃል።

ለኃላፊ የሚገዛው ወፍራም የቆዳ ወንበር ምቾቱ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። የወገብ ድጋፉ የሚስተካከል፣ ጀርባው አየር የሚያሳልፍ፣ አምስት እግር ያለው ወንበር ይግዙ፤ የእጅ መደገፊያው ከጠረጴዛው ሥር የሚገባ መሆኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ ለኩ፤ ካልገባ ሰው ከጠረጴዛው ርቆ ይቀመጣል። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ አራቱም ጠርዙ የታሸገ ይሁን። ያልታሸገ ጠርዝ የሙጫውን ሽታ ለወራት ይለቃል፣ ወለል በተጠረገ ቁጥር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። እግሩ ብረት ይሁን፣ ወይም ጣውላው ከወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ይነሳ።

ከማፍረስ በፊት ግን የነበረውን እዩ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ታድሶ ሲከፈት የቀድሞ መልኩን እንደያዘ ነው። ጥሩ የጽድ ጠረጴዛን አውጥቶ ቺፕውድ ማስገባት እድሳት አይባልም።

ሥራው ሰው እያለ የሚካሄድ ከሆነ ወለሉን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ ወገን እስኪያልቅ 35ቱም በሌላው ይጠጋጉ፣ መሐሉ ከስላብ እስከ ወለል በወፍራም ላስቲክ ይዘጋ። ቁፋሮው ለቅዳሜ ከሰዓትና ለእሑድ ይቀመጥ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ሰው ከመመለሱ በፊት መስኮት ተከፍቶ ቢያንስ ሦስት ቀን ይደር። ለኮንትራክተሩ ከሚከፈለው የመጨረሻ ክፍያ የተወሰነው ከተገባ ከሦስት ወር በኋላ ለሚደረገው ሁለተኛ ልኬት ይቆይ፦ ያው አምስት ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ደብተር። ልኬቱ በሰኔ የወደቀ ከሆነ የምዕራቡን ንጣፍ ንባብ አትመኑ፤ ለጥቅምት ቀጠሮ ያዙ።